ዲጂታል ትምህርት በድሬዳዋ

ድሬዳዋ አዲስ ነገር ቀድሞ የሚገባባት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም አገልግሎቱን በሙከራ የጀመረው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. እዚሁ ነው። ከከተማዋ ሰፈሮች ከከዚራና ከመጋላ ወጥቶ ወደ ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂልና ጀልዴሳ ለሚሄድ ሰው ግን መብራቱም ኔትወርኩም እየሳሳ ይመጣል። የአስተዳደሩ የገጠር ቀበሌዎች ልጆች የሚማሩት በዚያ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ የዲጂታል ትምህርት ሙከራ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ወደ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይተላለፍ ጀመር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የገጠሩም የከተማውም ተማሪ አንድ ዓይነት መምህር ያገኛል ተባለ። ፕላዝማው ግን ማንንም አይጠብቅም። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ትምህርት የጀመረ ልጅ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚነገረውን ሳይዝ ርዕሱ ይቀየራል፤ የክፍሉ መምህርም ከማብራትና ከማጥፋት ያለፈ ድርሻ አጣ። መብራት ከሄደ ደግሞ ያለፈው ክፍለ ጊዜ አይመለስም። እኩል ስርጭት እኩል ትምህርት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር ያለ አይመስለኝም።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍተቱን እንዲሸፍኑ ተሞከረ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ አጠረና ብዙ ተማሪ በፒዲኤፍ፣ ማለትም በስልክ በሚከፈት ፋይል፣ እንዲያነብ ተነገረው። ስልክ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም በሆነበት ቤት መጽሐፉ የሚከፈተው ባለስልኩ ሲመለስ ነው፤ የቤት ሥራ የሚበዛባት ሴት ልጅ ደግሞ ተራዋ ይዘገያል።

በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ኮምፒውተር መጠቀም አለመጠቀማቸውን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ርዕሰ መምህሩ ነው። ኮምፒውተሮቹን ፈርሞ የተረከበው እሱ ነው፤ አንዱ ቢሰበር የሚጠየቀውም እሱ። እንዲህ ባለ አሠራር የኮምፒውተር ክፍሉን መቆለፍ ጥንቃቄ ይባላል። በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪ አካባቢ የሚደርሰው ሙቀትና የደቻቱ ወንዝ አሸዋማ አቧራ ተቆልፎ የተቀመጠውንም መሣሪያ አይምሩም። ስለዚህ ጥሩ አመራር ማለት ከግዢው ይልቅ ለጥገና በጀት መያዝ፣ ክፍሉን ከሰዓት በኋላ ክፍት ማድረግ፣ ለሒሳብና ለባዮሎጂ መምህራንም ሥልጠና መስጠት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ትምህርቱን በፍላሽ ወይም በአነስተኛ የትምህርት ቤት ሰርቨር ማድረስ ይቻላል፤ ወጪውም ያን ያህል አይደለም።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) የኦንላይን ሥልጠና ነጻ ነው፤ ሆኖም ኢንተርኔትና እንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ተጠቃሚውም አስቀድሞ ሁለቱም ያለው ነው።

ከሁሉም በላይ ጉዳዩን ያጠበቀው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ነው። በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ መከፈትና መዘጋት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ጥያቄ ሆኗል። በፈተናው ዋዜማ የሚሰጥ አጭር መለማመጃ ማውዝ አያያዝን ያስተምር ይሆናል፤ ረጅም የእንግሊዝኛ ምንባብ ከስክሪን ላይ አንብቦ መረዳትን ግን አይደርስበትም።