ባለ አንድ ሲሊንደር የውድድር ሞተር ሳይክል፦ የሞተሩ ቅኝትና የትራክ ሙከራው

ባለ አንድ ሲሊንደር የውድድር ሞተር ሳይክል ጉልበቱን ሁሉ የሚያገኘው ከአንድ ፒስተን ነው። ባለ አራት ምት ከሆነ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንዴ ብቻ ይቀጣጠላል፤ በመካከሉ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው ቮላኖው (ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) ውስጥ የተጠራቀመው ጉልበት ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ላይ አንዱ ሲሊንደር ቢደክም ሦስቱ ይደግፉታል። እዚህ ግን ደጋፊ የለም። የጂግለር (የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚወስነው ባለ ቀዳዳ ዕቃ) ትንሽ ስህተት፣ የቫልቭ ትንሽ መላላት፣ የጭስ ማውጫው ትንሽ መርዘም ወይም ማጠር ሳይሸፋፈን የዙር ሰዓት ላይ ይወጣል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር መካኒክ እጅግ ጥንቁቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች ሞተር ሲያወዳድሩ ከፍተኛውን የፈረስ ጉልበት አስቀድመው አይጠይቁም። ጥያቄያቸው ነጂው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጁን የት ላይ መክፈት ይችላል የሚል ነው። ጉልበቱ ትንሽ የሆነ ሞተር ኩርባ ውስጥ የጠፋ ፍጥነትን ቀጥታው መንገድ ላይ መልሶ ማምጣት አይችልም። ስለዚህ ጉልበቱን በድንገት ከሚተፋ ሞተር ይልቅ ከታች ጀምሮ ሳይንተፋተፍ የሚጎትት ሞተር፣ ከፍተኛ ጉልበቱ ትንሽ ቢያንስም፣ ብዙ ጊዜ ዙሩን ፈጥኖ ይጨርሳል።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። የብሪታንያው ኖርተን ኩባንያ ባለ አንድ ሲሊንደሩን 500 ሲሲ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1950 የማክካንድለስ ወንድማማቾች በነደፉት “ፌዘርቤድ” ሻሲ ላይ ሲገጥመው፣ ተፎካካሪው ጊሌራ በጉልበት የሚበልጥ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ያም ሆኖ ጄፍ ዱክ በ1951 የ350 እና የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮናዎችን በኖርተን አንድ ላይ ወሰደ። የጣሊያኑ ሞቶ ጉትሲ ደግሞ በጁሊዮ ካርካኖ መሪነት ክብደት በመቀነስና በነፋስ ዋሻ ውስጥ የአየር መቋቋምን በማጥናት፣ በባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የ350 ሲሲ ዋንጫውን ከ1953 እስከ 1957 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ይዞ ቆየ። ማይክ ሄይልዉድ በ1961 በማን ደሴት የሲኒየር ቲቲ ውድድርን በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት ያሸነፈው በባለ አንድ ሲሊንደር ኖርተን ነበር። በ500 ሲሲ የግራንድ ፕሪ ታሪክ ባለ አንድ ሲሊንደር ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1969 በዩጎዝላቪያዋ ኦፓቲያ ሲሆን ነጂው ጎድፍሪ ናሽ፣ ሞተሩም ያው ኖርተን ነው። ከዚያ በኋላ ባለ አንድ ሲሊንደር በትናንሾቹ ምድቦች ቀጠለ፦ ባለ ሁለት ምቱ 125 ሲሲ እስከ 2011፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ባለ አራት ምቱ 250 ሲሲ ሞቶ3።

ፍጥነቱን የሚገድበው ምንድን ነው?

የሞተር ዙር የሚገደበው በአብዛኛው በፒስተኑ ነው። ፒስተኑ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይሮጣል፤ ዙሩ በጨመረ መጠን ቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) እና ፒኑን የሚጎትተው ኃይል የዙሩን ካሬ ተከትሎ ያድጋል። የኖርተን የውድድር ሞዴል የሆነው የኋለኛው ዘመን 500 ሲሲ ማንክስ የሲሊንደር ስፋቱ 86 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተን ጉዞው 85.6 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 20 ሜትር አካባቢ ይሆናል። የሞቶ3 ሕግ ስፋቱን በ81 ሚሊ ሜትር ይገድባል፤ ይህ ስፋት ሙሉ በሙሉ ከተወሰደ የፒስተኑ ጉዞ 48.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ በ13,500 ዙር ላይ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 22 ሜትር ይጠጋል። ዙሩ በእጥፍ ሊጠጋ ምንም ያህል አልቀረውም፣ የፒስተኑ ፍጥነት ግን ብዙም አልተለወጠም። በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው የግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት በዋናነት የጉዞው ማጠር ነው።

ሌላው ገደብ መንቀጥቀጥ ነው። ክራንክሻፍቱ ላይ የፒስተኑን ክብደት ሙሉ በሙሉ የሚያካክስ ሚዛን ቢጨመር፣ ወደ ላይና ወደ ታች የነበረው ግፊት ጠፍቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከፊሉ ብቻ ይካካሳል፤ ምን ያህሉ የሚለው በሻሲው ይወሰናል። አንድ ሻሲ ላይ ለስላሳ የሆነ ሞተር ሌላ ሻሲ ላይ የነጂውን እጅ የሚያደነዝዘው በዚህ የተነሳ ነው። ዘመናዊዎቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር የሚዛን ዘንግ ይጠቀማሉ። ዱካቲ በ1993 ባወጣው ሱፐርሞኖ ግን ሁለተኛ ሲሊንደር ሊገባ በሚችልበት ቦታ ተንቀሳቃሽ ክንድ የያዘ ሁለተኛ ቢየላ ገጥሞ መንቀጥቀጡን አጠፋ፤ በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከታዩት መፍትሔዎች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው

ቅኝት የሚጀምረው ከመለካት ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ጠርዝ ጋር የሚቀረውን ክፍተት ለማወቅ መካኒኩ ለስላሳ የብየዳ ሽቦ ቆርጦ በካንዴላው ቀዳዳ ያስገባል፤ ክራንኩን በእጁ አንዴ ያዞርና የተደፈጠጠውን ጫፍ በማይክሮሜትር ይለካል። ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያም በታች ነው። ከሰፋ ጠርዙ ላይ ያለው ድብልቅ ዘግይቶ በራሱ እየነደደ ሞተሩን ያንኳኳል፤ ከጠበበ ደግሞ ቢየላው በከፍተኛ ዙር ሲለጠጥ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል። በሲሊንደሩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ የጋርኒሲዮን፣ ውፍረት በአሥረኛ ሚሊ ሜትር እየተመረጠ የሚገባው ለዚህ ነው። የቃጠሎ ክፍሉ ይዘት በመርፌ ዘይት እየተንጠባጠበ ይለካል፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት ክራንኩ ላይ በታሰረ ዲግሪ ሳህን ይረጋገጣል።

ጭስ ማውጫው ግን ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። የጭስ ቀዳዳው ሲከፈት የሚወጣው የግፊት ሞገድ በቱቦው ውስጥ ይሮጥና ጫፉ ላይ ሲደርስ ምልክቱን ቀይሮ፣ መሳቢያ ሆኖ ይመለሳል። በትክክለኛው ጊዜ ከደረሰ የተቃጠለውን ጠርጎ አዲሱን ድብልቅ ይስባል፤ ጊዜውን ከሳተ ግን ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልሳል። በድሮዎቹ ኖርተንና ማችለስ ላይ ይገጠም የነበረው ክፍት ሜጋፎን (እንደ ጡሩምባ እየሰፋ የሚሄድ ጭስ ማውጫ) በላይኛው ዙር ላይ ድንቅ ነበር፤ ከዚያ በታች ሞተሩ ስለሚያስነጥስ ነጂው ከዘገምተኛ ኩርባ ሲወጣ ፍሪሲዮኑን እያንሸራተተ ዙሩን ማቆየት ነበረበት።

በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ጭስ ማውጫው ራሱ የሞተሩ ግማሽ ነው ማለት ይቻላል። እየሰፋ የሚሄደው ክፍል ጭሱን ይስባል፤ እየጠበበ የሚሄደው የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሞገዱን መልሶ በመላክ፣ ሾልኮ የወጣውን አዲስ ድብልቅ ቀዳዳው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። ይህን ስልት በምሥራቅ ጀርመኗ ቾፓው ከተማ በኤምዜድ ፋብሪካ ያበለጸገው ዋልተር ካደን ነው። የእሱ 125 ሲሲ ሞተር በ1961 ወደ 25 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም በሊትር 200 ደረሰ። ሞገዱ የሚሮጠው በጋለ ጭስ ውስጥ ስለሆነ ፍጥነቱ በሙቀቱ ይወሰናል፤ ነዳጁ ሲያንስ ወይም እሳቱ ሲዘገይ ቱቦው ይግላል፣ ሞገዱ ቶሎ ይመለሳል፣ ጉልበቱም ወደ ከፍተኛው ዙር ይሸሻል። ስለዚህ የጂግለር ለውጥ ነዳጁን ብቻ ሳይሆን የጭስ ማውጫውን “ርዝመት” ጭምር ይለውጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው ከባለ ሁለት ምት ሞተር ጋር ዓመቱን ሙሉ ሲታገል ሊውል ይችላል።

ዳይኖ፣ ማለትም የጉልበት መለኪያ ማሽኑ፣ በመጨረሻ ይመጣል። ጠቃሚ ነው። ግን ንፋሱ የቬንቲሌተር ነው፤ ነጂው ከኩርባ ሲወጣ ነዳጁን ሩብ፣ ሲሶ እያደረገ የሚከፍተውን ነገር ሙሉ በሙሉ አያሳይም። ግራፉ ላይ ጫፉን ብቻ አይቶ የሚረካ ሰው ዳይኖውን በቅጡ አልተጠቀመበትም፤ መታየት ያለበት ከታች እስከ ላይ ያለው ቅርጽ ነው።

ትራክ ላይ

የትራክ ሙከራ አንድ የማይጣስ ሕግ አለው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። መነሻው የሚታወቅ ቅኝት ነው፤ በዚያ ጥቂት ዙር ተነድቶ ሰዓቱ ይመዘገባል። ከዚያ አንድ ለውጥ ይደረጋል፣ ይነዳል፤ ቀጥሎ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይነዳል። ይህን ሦስተኛውን እርምጃ ብዙ ቡድኖች ሰዓት ለመቆጠብ ሲሉ ይዘሉታል፣ እኔ ግን ከሁሉ አስፈላጊው እሱ ነው እላለሁ። ጎማው ሲግል፣ ነጂው ትራኩን ሲለምድ፣ ታንከሩ ሲቀልል ሰዓቱ በራሱ ስለሚሻሻል፣ ወደ መነሻው ያልተመለሰ ሰው የጎማውን ሥራ ለካርቡሬተሩ ይሸልማል።

የአየሩ ሁኔታ ከጠዋት እስከ ቀትር ይለወጣል። ሙቀቱ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ የአየሩ እፍጋት 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ጂግለር ቀትር ላይ ነዳጅ የበዛበት ይሆናል። አደገኛው የተገላቢጦሹ ነው። ቀትር ላይ የተስተካከለ ባለ ሁለት ምት ሞተር በማግስቱ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ነዳጅ አንሶት ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ ፒስተኑ ይግልና ሲሊንደሩን ይነክሳል፣ የኋላው ጎማ ይቆለፋል። በባለ ሁለት ምት የሚወዳደሩ ነጂዎች ቀጥታው ላይ ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ የማያነሱት ለዚህ ነው።

ነዳጁ ልክ መሆኑን የማረጋገጫው የቆየ ዘዴ ካንዴላ ማንበብ ነው። አዲስ ካንዴላ ይገባል። ነጂው በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ነዳጁን ሙሉ ከፍቶ ይሮጥና በአንድ ቅጽበት ሞተሩን አጥፍቶ ፍሪሲዮኑን ይጨብጣል፤ ከዚያ ሳያስነሳ እየተንከባለለ ይመለሳል። ሞተሩ አንድ ደቂቃ እንኳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ) ከሠራ ምልክቱ ይጠፋል። መካኒኩ በአጉሊ መነጽር የሚያየው ነጩን ሸክላ ከውስጥ ከሥሩ ነው፤ እዚያ ቀጭን ቡናማ ቀለበት ካለ ነዳጁ ተስማምቷል። ሸክላው ላይ እንደ አሸዋ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ከታዩ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚኒየም ነውና። ዛሬ እርሳስ አልባው ቤንዚን ደብዛዛ ቀለም ስለሚተው፣ የጭሱን ኦክስጅን የሚለካው ላምዳ ሴንሰር ዋናውን ሥራ ተረክቧል። ጥሩ መካኒክ ግን ሁለቱንም ያያል።

መረጃ መዝጋቢው ሌላ ዓይን ሰጥቷል። የሞተሩን ዙር፣ የነዳጅ መስጫውን መከፈት፣ የጎማውን ፍጥነትና የፎርኬላውን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) እንቅስቃሴ በአንድ ላይ ይይዛል። እኔ ብመርጥ መጀመሪያ የማየው የነዳጅ መስጫውን መስመር ነው። ነጂው ከኩርባ ሲወጣ ከፍቶ፣ መልሶ ዘግቶ፣ እንደገና ከከፈተ በዚያ የሞተር ዙር ላይ ሞተሩን የሚያደናቅፈው ነገር አለ፤ ወይም ሻሲው ወደ ውጭ እየገፋው ነው። ሁለቱን ለመለየት ነጂውን ወዲያው፣ ሄልሜቱን እንዳወለቀ መጠየቅ ይበጃል፤ ሌላ ነጂ አነጋግሮት የዙሩን ሰዓት ካየ በኋላ አስተያየቱ መለወጡ አይቀርም።

በዚህ ምድብ የነጂው ክብደት ራሱ የቅኝቱ አካል ነው። በሞቶ3 ነጂና ሞተር ሳይክል አንድ ላይ ቢያንስ 152 ኪሎ መመዘን አለባቸው፤ ከዚህ ውስጥ የነጂው ድርሻ ትልቅ ስለሆነ፣ ወደ ኋላ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ የሞላው (የስፕሪንጉ) ልክ ይለወጣል፣ ክርኑን ቢሰበስብ ቀጥታው ላይ ተጨማሪ ፍጥነት ያገኛል። የሰንሰለቱ ጥርሶች የሚመረጡትም ከዚህ በኋላ ነው፦ ቀጥታው መጨረሻ ላይ ሞተሩ ከጉልበቱ ጫፍ ትንሽ አልፎ እንዲደርስ፤ ከሌላ ሞተር ጀርባ ተጠልሎ ሲነዳ የሚጨምረው ፍጥነትም ቦታ እንዲኖረው።

ሙከራው ሲያበቃ ዘይቱ በነጭ ጨርቅ ተጣርቶ ብረት እንዳለበት ይታያል፣ የቫልቭ ክፍተት ይለካል፣ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት መዝገብ ላይ ይጨመራል። ፒስተን፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ቢየላ የሚለወጡት ሲሰበሩ ሳይሆን ሰዓታቸው ሲሞላ ነው።

ሞቶ3 ላይ ሞተሮቹ ታሽገው ስለሚቀርቡና የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ የቡድኑ መካኒክ ቴስታታ አይከፍትም፤ እጁ ያለው ሻሲው፣ ሞላውና ማርሹ ላይ ነው። ሞተሩን እስከ ጥልቁ መቃኘት የሚፈልግ ሰው መድረኩን የሚያገኘው በባለ አንድ ሲሊንደር ሱፐርሞኖ ውድድሮችና በታሪካዊ ሞተሮች ምድብ ነው። እዚያ ማንክስ ኖርተንና ማችለስ ጂ50 እስከ ዛሬ በአዲስ ብረት እየተሠሩ ይሮጣሉ፤ ድሮ ከፋብሪካ ሲወጡ ከነበራቸው ጉልበትም ይበልጣሉ።