ተሳላሚ፣ ነጋዲ፣ ሐጂ፦ የመንፈሳዊ ተጓዥ መጠሪያዎችና የተሳሳቱ አመለካከቶች

መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ከየአቅጣጫው ከሚመጣው ሕዝብ ብዙው በደሴ አልፎ ወደ አምባሰል ስለሚወጣ፣ በበዓሉ ዋዜማ የከተማዋ መናኸሪያ ነጠላ ባጣፉና ስንቃቸውን ባነገቡ መንገደኞች ይሞላል። የሐጅ ወቅት ሲደርስ ደግሞ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሑጃጆቹን የሚሸኘው ቤተሰብና ጎረቤት ነው። እነዚህን ተጓዦች የምንጠራባቸው ቃላት ዘወትር ከአፋችን ባይለዩም፣ ትርጉማቸውና ምንጫቸው ሲምታታ ይሰማል።

«ተሳላሚ ማለት ስለት ያለበት ሰው ነው»

ስሕተቱ የመጣው ከድምፅ መመሳሰል ነው። ስለት የግእዙ «ስእለት» ሲሆን ሥሩ «ሰአለ» ማለትም ለመነ ነው፤ «ተሳለ» የሚለው ግስም ከዚያው ይወጣል። «ተሳለመ» ግን የ«ሰላም» ዘር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰች እናት ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ የበሩን መቃን በግንባሯና በከንፈሯ ስትነካ ተሳለመች ይባላል፤ ስለት ይኑርባት አይኑርባት ቃሉ አይጠይቅም። ተሳላሚ እንግዲህ ስሙን ያገኘው ከሄደበት መንገድ ሳይሆን ሲደርስ ከሚያደርገው ነው። በዚህ ረገድ አማርኛችን ከግሪክኛ ጋር ይቀራረባል፤ የግሪኩ መጠሪያ ሰጋጅ እንደ ማለት ነውና። የላቲኑ «ፔሬግሪኑስ» በአንጻሩ ከአገሩ የወጣ ባዕድ ማለት ነበር። በዜና የሚዘወተረው «መንፈሳዊ ተጓዥ» ስሕተት ባይሆንም፣ መንገዱን ብቻ አስቀርቶ ሰላምታውን ስለሚጥል በእኔ ግምት ከ«ተሳላሚ» ይደኸያል።

«ነጋዴና ንግደት የተመሳሰሉት በአጋጣሚ ነው»

በአጋጣሚ አይደለም። በግእዝ «ነገደ» ማለት ተጓዘ፣ ለንግድ ሄደ፣ ቅዱስ ቦታ ለመሳለም ሄደ ማለት ነው። «ነጋዲ» መንገደኛውንም፣ ሸቀጥ ጭኖ የሚዞረውንም፣ ተሳላሚውንም ይጠራ ነበር፤ «ንግደት» ደግሞ ጉዞው ነው። ነገሩ ለጥንቱ ሰው ግልጽ ነበር፤ ሲራራ ነጋዴውም ሆነ ተሳላሚው ቤቱን ለወራት ትቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ ሽፍታ እየፈራ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ፤ ሁለቱም በማያውቁት ሰው ደጅ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብለው ያድራሉ። «እንግዳ» የሚለው ቃላችንም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት 38 «ፈላሲ» እና «ነግድ» ጎን ለጎን ቆመው በምድር ላይ የማይቀመጠውን ሰው ሲያመለክቱ፣ ነግድ ማለት እንግዳ ነው። ከጊዜ በኋላ አማርኛ ነጋዴን ለገበያ ብቻ ሰጠው፤ ትግርኛ ግን ንግደትን ለበዓል እንደያዘው ቀረ። በዚህም ምክንያት ንግደትን የትግርኛ ብቻ አድርጎ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም።

«ንግሥ የንግደት አጭር አጠራር ነው»

አይደለም፤ ንግሥ ከ«ነገሠ» ነው። ታቦቱ በክብር የሚወጣበትን ዕለት እንጂ የሕዝቡን ጉዞ አይሰይምም።

«ሐጂ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው»

በወሎ ጺማቸው የሸበተ አባት ሁሉ «ሐጂ» እየተባሉ ሲጠሩ ስለሚሰማ ይህ ግምት አይገርምም። ቃሉ ግን ወደ መካ ሄዶ ሐጅ የፈጸመን ሰው የሚመለከት ነው፤ ወጣትም ቢሆን ከፈጸመ ሐጂ ነው። የዐረብኛው ሥር ወደ አንድ ቦታ አስቦ ማቅናትን ያመለክታል። ሐጅ በዙልሂጃ ወር በተወሰኑ ቀናት የሚፈጸም ሲሆን፣ በሌላ ጊዜ የሚደረገው ዑምራ ነው።

«ዝያራ የድኻ ሐጅ ነው»

ይህ አባባል ሁለቱን ያደባልቃል። ሐጅ አቅሙ ለፈቀደ ሙስሊም በዕድሜው አንድ ጊዜ ግዴታ ሲሆን፣ ዝያራ በዐረብኛ ጉብኝት ማለት ነው፤ ከኮምቦልቻ ብዙም ወደማይርቀው፣ ጌታ ወደሚባለው የዝያራ ቦታ የሚሄድ ሰው ዘያሪ እንጂ ሐጂ አይባልም። ደግሞም ቃሉ በወሎ አማርኛ ከቅዱስ ቦታ ወጥቶ ወደ ቤት ገብቷል፤ ሁለት ወዳጆች መንገድ ላይ ተገናኝተው እጅ ለእጅ ሲያያዙና ትከሻ ሲገጥሙ ተዘያየሩ ይባላል። ተሳላሚው ከሰላምታ ስሙን እንዳገኘ ሁሉ፣ በዚህ አገር የዘያሪውም ቃል ሰላምታ ሆኗል።