የዳዊት ኮከብ ሐብል ትእዛዝ ነው ወይስ ጌጥ?
የዳዊት ኮከብ ያለበትን ሐብል ማድረግ ለአይሁድ ግዴታ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም። ኦሪት በልብስ ጫፍ ዘርፍ እንዲደረግ ታዛለች፤ ኮከቡን ግን አንድም ቦታ አታነሳም። ሆኖም ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1941 በጀርመን አይሁድን ለማዋረድ በቢጫ ጨርቅ በግድ ያስለጠፉትን ምልክት፣ የእነዚያ አይሁድ ልጆች ዛሬ በኩራት ሲያደርጉት «ተራ ጌጥ ነው» ለማለት አልደፍርም።

ጥብቅ ሕግ ያለው የእግዚአብሔር ስም ለተቀረጸበት ጌጥ ነው። ለምሳሌ «ሻዳይ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሐብል ሳይሸፈን መጸዳጃ ቤት አይገባም። ሲሰበርም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ስሙ ያለበት ክፍል በክብር ይቀበራል። ባዶው ኮከብ ስም ስለሌለበት ይህ አይመለከተውም።

በሰንበትስ? አንገት ላይ ያለ ጌጥ እንደ ልብስ ይቆጠራል፤ በኪስ ይዞት አደባባይ የወጣ ግን በሰንበት የተከለከለ ሸክም ተሸክሟል።