ኒውሮኢንፍላሜሽን ምንድን ነው? «የኢሚዩኒቲ መዳከም» ግን አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ ነርቭ ህመም ሲያስረዳ ሰማሁ። «እግርህን የሚያቃጥልህ ኢሚዩኒቲህ ስለደከመ ነው። እሱን ከፍ ካደረግክ ህመሙ በራሱ ጊዜ ይለቅሃል» ይላል። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። በዚያው ሳምንት ግን አንዲት እናት ተመሳሳይ ምክር ሰምተው፣ መድኃኒታቸውን አቁመው ወደ እኔ መጡ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኚህ እናት ከወራት በፊት አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር። ቁስሉ ድኗል። ጎናቸው ላይ የቀረው ፈዘዝ ያለ ጠባሳ ብቻ ነው። ጥጥ ወስጄ ጠባሳው ላይ ቀስ አድርጌ አስኬድኩት። ትንፋሻቸውን ውጠው ሸሹ። «እሳት ነው» አሉኝ። እዚያው ቦታ ላይ በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግኋቸው። መርፌውን በቅጡ አልለዩትም። ቆዳው ደንዝዟል፣ ጥጥ ግን ያቃጥለዋል። የነርቭ ህመም እንዲህ ነው። የተጎዳው ቆዳው ሳይሆን ስሜትን የሚያመላልሰው ገመድ ነው።

ታዲያ የሰውነት መከላከያ፣ ማለትም ኢሚዩኒቲ፣ እዚህ ውስጥ ምን አገባው? በጣም ያገባዋል። ኒውሮኢንፍላሜሽን የሚባለውም ይኸው ነው። ግን ሰውየው እንዳለው አይደለም።

ብዙ ሰው የሰውነት መከላከያን የሚያስበው እንደ ወታደር ነው። ወታደር በበዛ ቁጥር ጥሩ ይመስላል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እስቲ ወታደሩን ተዉትና መንገድ የሚጠግኑ ሠራተኞችን አስቡ። መንገዱ ሲሰነጠቅ ይመጣሉ። መጀመሪያ ማንም እንዳያልፍ አካባቢውን ያጥራሉ። ፍርስራሹን ያነሳሉ፣ ይጠግናሉ። ሲጨርሱ አጥሩን ነቅለው ይሄዳሉ።

ነርቭ ሲጎዳም እንደዚያ ነው። ከተቆረጠበት ወዲያ ያለው ክር ይፈራርሳል። ይህን አውግስተስ ዋለር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1850 ገልጾታል። ማክሮፋጅ የሚባሉ ሴሎች ይደርሱና ፍርስራሹን ይበላሉ። ካልበሉት አዲሱ ክር መንገድ ያጣል። ሥራ ላይ እያሉ ግን ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን አንድ ቤታ የሚባሉ መልእክተኞችን ይረጫሉ። እነዚህ ደግሞ የህመም ነርቮች በትንሽ ነገር እንዲጮኹ ያደርጋሉ። አጥሩ ይህ ነው። የተጎዳውን ቦታ እንዳትነካው የታጠረ ነው።

ችግሩ የሚመጣው አጥሩ ሳይነቀል ሲቀር ነው።

እንግዲህ «ኢሚዩኒቲህን ከፍ አድርግ» ማለት እዚህ ላይ «ተጨማሪ ሠራተኛ ላክ» እንደማለት ነው። አጥሩ የቀረው ሠራተኛ ስላነሰ አይደለም። «ይበቃል» የሚለው ትእዛዝ ስላልሠራ ነው። ያንን ትእዛዝ የሚያስተላልፉትም እዚያው የመከላከያ ሥርዓቱ ውስጥ አሉ። ኢንተርሉኪን አሥር እና ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ሥራቸው ማብረድ ነው። አንድ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ቁልፍ የለም። ቀስቃሹም አብራጁም «ኢሚዩኒቲ» ነው። የትኛውን ነው ከፍ የምናደርገው?

ነገሩ መንገዱ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ቀላል ነበር። ወሬው ግን ዋናው መሥሪያ ቤት ይደርሳል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እ.ኤ.አ. በ1919 ለይቶ ያሳወቃቸው ናቸው። ከደም ተጠርተው የሚመጡ አይደሉም። ገና ፅንስ ሳለን ገብተው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። እግር ላይ ነርቭ ሲጎዳ እነሱ እዚያ ርቀው ተቀምጠው ይነቃሉ። መንገዱን ዐይተውት አያውቁም። ስልኩ ደጋግሞ ስለጮኸ ብቻ አካባቢው በሙሉ ዝግ ነው ብለው ያውጃሉ።

እንዴት እንደሚያውጁት በአይጦች ላይ በደንብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ማይክሮግሊያ ላይ ያለ ፒቱኤክስፎር የሚባል መቀበያ ሲዘጉ፣ በንክኪ የሚመጣው ህመም ቀነሰ። በ2005 ደግሞ ቀጣዩ ደረጃ ታወቀ። ማይክሮግሊያዎቹ ቢዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ። እሱ የህመም አስተላላፊውን ሴል የክሎራይድ ሚዛን ያናጋል። ያኔ ለሴሉ «ዝም በል» የሚለው መልእክት ጉልበት ያጣል። አንዳንዴም ጭራሽ «ጩህ» ሆኖ ይደርሰዋል። ጥጥ እሳት የሚሆንበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

አንዱ መንገድ ያልኩት አውቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ሥራ ማይክሮግሊያን ማገድ የወንድ አይጦችን ህመም ቀነሰ፣ የሴቶቹን ግን አልቀነሰም። በሴቶቹ ዘንድ ሥራው የቲ ሴሎች ይመስላል። ከአይጥ ወደ ሰው መዝለልም ቀላል አይደለም። ፕሮፔንቶፊሊን የሚባል ማይክሮግሊያን የሚያበርድ መድኃኒት አይጥ ላይ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ህመም ሰው ላይ ሲሞከር ግን ከባዶ ክኒን አልተሻለም።

ኒውሮኢንፍላሜሽን የሚባለው እንግዲህ ይህ ሁሉ ነው። ቃሉ ራሱ ግን ያሳስታል። ኢንፍላሜሽን ሲባል ሰው የተቆጣ ቁስል ነው የሚታየው። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያለው እንዲያ አይደለም። ኢኤስአርን በመሰለ የተለመደ የደም ምርመራም አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። «ኢኤስአሬ ንጹህ ነው ተብያለሁ፣ ታዲያ ኢንፍላሜሽኑ የታለ?» የሚለኝ ታካሚ ጥያቄው ትክክል ነው። ያጠፋነው ስሙን ያወጣነው እኛ ነን።

ከዚሁ ስም ሁለተኛ ስህተት ይወለዳል። «ኢንፍላሜሽን ከሆነ ዳይክሎፌናክ ዋጥበት» ይባላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚያግዱት ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኤንዛይም ነው። ከላይ ያወራሁት ሰንሰለት በአብዛኛው በዚያ በኩል አያልፍም። ለነርቭ ህመም መጀመሪያ የምናዘው አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሰቲን፣ ጋባፔንቲን ወይም ፕሪጋባሊን የሆነው ለዚህ ነው። የሚሠሩት የነርቩን ጩኸት በመቀነስ ነው። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት መሆኑን አንብበው የሚቀየሙኝ አሉ። ያዘዝኩት ግን ለህመሙ ነው፣ መጠኑም ለድብርት ከሚሰጠው ያነሰ ነው። ዳይክሎፌናክን ለወራት መዋጥ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል።

እንዲያውም ሠራተኞቹን በመጀመሪያው ቀን ማባረር ራሱ ጉዳት ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት የወገብ ህመም የጀመራቸውን ሰዎች ተከታተለ። ህመሙ የለቀቃቸው መጀመሪያ ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቻቸው ይበልጥ የነቁት ናቸው። አይጦች ላይ ደግሞ ኢንፍላሜሽን የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን ወይም ዳይክሎፌናክ በጊዜ ሲሰጥ ህመሙ ረዘመ። ይህን አንብባችሁ ክኒናችሁን እንዳትጥሉ። ጥናቱ ስለ ወገብ ህመም ነው፣ ዳይክሎፌናክ የተሰጣቸውም አይጦቹ ናቸው።

ለሰውየው ፍትሐዊ ልሁን። አልማዝ ባለጭራ ላይ ግማሽ እውነት አለው። ቫይረሱ ከልጅነት የጉድፍ በሽታ ጀምሮ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። በዕድሜ ወይም በሕመም የቲ ሴሎች ጥበቃ ሲላላ ይነሳል። ክትባቱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ግን ክትባቱ የሚሠራው ከመነሳቱ በፊት ነው። ቁስሉ ድኖ ህመሙ ከቀረ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው።

በጣም የሚያስፈራኝ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጊላን ባሬ በሚባለው ሕመም ነርቩን የሚያጠቃው ራሱ የመከላከያ ሥርዓቱ ነው። በሥጋ ደዌ ደግሞ ጀርሞቹ በመድኃኒት ከሞቱ በኋላ እንኳ ሰውነት በቅሪታቸው ላይ ተነስቶ ነርቩን ሊያበላሽ ይችላል። ለእንዲህ ያለው የሥጋ ደዌ ታካሚ ነርቩን ለማዳን ፕሬድኒሶሎን እንሰጣለን። ማለትም ኢሚዩኒቲውን ዝቅ እናደርጋለን። እንዲህ ላለ ሰው «ከፍ አድርግ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። እግሩ በቀናት ውስጥ እየዛለ ድካሙ ወደ ላይ የሚወጣበት ሰው ካለ ደግሞ ምክር ሳይሰማ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።

እኚያ እናት አሚትሪፕቲሊናቸውን እንደገና ጀምረዋል። በትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ። አፍ እንደሚያደርቅ፣ ለመሥራትም ሳምንታት እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። ከወር በኋላ ተቀጣጥረናል። ሲወጡ ሸሚዛቸው ጎናቸውን እንዳይነካው በሁለት ጣታቸው ራቅ አድርገው ይዘውት ነበር።