ባክላሽ ምንድን ነው? ቤት የሰራነው ሲኤንሲ ክብ አልቆርጥ ሲል

አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ ራሴ የገጣጠምኩት ሲኤንሲ ራውተር አለ (የዋይፋዩን ራውተር ማለቴ አይደለም፣ ከኮምፒውተር ትእዛዝ እየተቀበለ እንጨት የሚቀርጸውን ነው)። መጀመሪያ ያሰብኩት ለእህቴ ልጅ የእንጨት ፊደል ገበታ ልሰራላት ነበር። ሀ እና ለ ቆንጆ ወጡ፣ መ ጋ ሲደርስ ትንሽ ጠረጠርኩ፣ ዐይኑ ዐ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ለየለት፣ ክቡ ክብ አይደለም፣ ከላይ ከታች ከግራ ከቀኝ አራት ቦታ ላይ ጠፍጠፍ ብሏል። ፎንቱ ነው ብዬ ፎንት ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሞተሩ አቅም አንሶት ይሆናል ብዬ ፍጥነት ቀነስኩ፣ ያው ነው። ከዛ ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቼ ቁጥር እየነካካሁ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። ለካ በሽታው ባክላሽ ነው።

ባክላሽ ማለት ማሽኑ አቅጣጫ ሲቀይር በመሀል የሚጠፋው እንቅስቃሴ ነው። ሞተሩ ዞሯል፣ ሞተሩ የሚያዞረው ቪቴም ዞሯል፣ ቆራጩ ግን ገና ንቅንቅ አላለም። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ያረጀ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጣችሁ ከሆነ አይታችሁታል፣ ሹፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ትንሽ ያዞራል ጎማው ምንም አይልም፣ ከዛ ድንገት ይይዝለታል፣ ወደ ግራ ሲመልሰውም እንደገና መሀል ላይ ባዶ ዙር አለ። ያ ባዶ ዙር ነው ባክላሽ።

ለምን ይመጣል ካላችሁ፣ ቤት በሚሰራ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ረጅም ቪቴ አለ፣ እሱ ላይ የሚሄድ የነሐስ ዳዶ አለ፣ ዳዶው ጠረጴዛውን ወይም ጭንቅላቱን (ቆራጩን የያዘውን ክፍል) ይዞ ይሄዳል። የዳዶው ጥርስና የቪቴው ጥርስ ሙሉ ለሙሉ ቢጣበቁ ኖሮ አይዞርም ነበር፣ ስለዚ ሲሰራ ጀምሮ ትንሽ ክፍተት ይተውለታል፣ እየሰራ ሲሄድ ደግሞ ነሐሱ እየተበላ ክፍተቱ ይሰፋል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እስከሄደ ድረስ ችግር የለም፣ የጥርሱ አንድ ጎን ተደግፎ ይገፋል። ሲመለስ ግን መጀመሪያ ክፍተቱን አቋርጦ ሌላኛው ጎን ላይ መደገፍ አለበት።

ክቡን ለምን አራት ቦታ ላይ እንዳበላሸው ከዚ በኋላ ይገባችኋል። ክብ ስትቆርጡ ኤክስም (ግራና ቀኝ የሚሄደው) ዋይም (ላይና ታች የሚሄደው) አብረው ይሄዳሉ፣ አናቱና ታቹ ላይ ዋይ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ደግሞ ኤክስ ይቀይራል። በቀየረበት ቅጽበት የቀየረው ክፍተቱን እስኪያቋርጥ ቆሞ ሌላኛው ብቻውን ስለሚሄድ ቀጥ ያለች መስመር ትወጣለች። 50 ሚሊሜትር ክብ ብትቆርጡና ኤክስ ላይ 0.3 ባክላሽ ካለ ክቡ በኤክስ በኩል በካሊፐር ሲለካ ወደ 49.7 ይሆናል፣ በዋይ በኩል ደህና ሊሆን ይችላል። ፊደል ላይ ይሄ በጣም ያሳቅቃል፣ የኛ ፊደል ክብ ይወዳል፣ መ፣ ቀ፣ ወ፣ ዐ፣ ፀ፣ እና ፊደሉ ባነሰ ቁጥር ያቺው 0.3 ይበልጥ ታስጠላለች።

እኔ የተሳሳትኩት እዚ ጋ ነው፣ ክቡ አነሰ ብዬ የስቴፕ ቁጥሩን (አንድ ሚሊሜትር ለመሄድ ሞተሩ ስንት ስቴፕ እንደሚረግጥ ለሶፍትዌሩ የሚነገረውን) ከፍ አደረግኩ። የተለመደው ቲ8 ቪቴ ዳያሜትሩ 8 ሚሊሜትር ነው፣ አንድ ዙር ሲዞር 8 ሚሊሜትር ይሄዳል (በጥርስና በጥርስ መሀል 2 ሚሊሜትር፣ አራት ጥርስ ጎን ለጎን የተጠመዘዘበት)፣ ሞተሩ በዙር 200 ስቴፕ፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን የሚነዳው ሰርኪት) እያንዳንዷን ስቴፕ በ8 ሲከፋፍላት 1600፣ ስለዚ በሚሊሜትር 200 ስቴፕ ነው። ይሄ ሂሳብ ነው፣ በግምት የሚነካካ አይደለም። ከሃርድዌር ቤት የተገዛ ኤም8 ሙሉ ጥርስ ብረት ከሆነ ደግሞ በዙር 1.25 ሚሊሜትር ነው የሚሄደው፣ በዛው ድራይቨር 1280 ይሆናል። የስቴፕ ቁጥር ስህተት ከሆነ ስህተቱ ከርቀት ጋር ያድጋል፣ 10 ሚሊሜትር ላይ ትንሽ፣ 100 ላይ አስር እጥፍ። ባክላሽ ግን 10 ላይም 100 ላይም ያው ነው። ሞተር ስቴፕ ሲስት ደግሞ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ዜሮ ሲመለስ ቦታውን አያገኝም። እነዚን ሶስቱን ሳይለዩ አዲስ ሞተር መግዛት ብር ማቃጠል ነው፣ ይሄን በጣም አምርሬ ነው የምለው።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ ሰዓት መሰል መለኪያ) ያስፈልጋል፣ አንዷ መስመር 0.01 ሚሊሜትር የሆነችው፣ እኔ ከአንድ ቶርኖ ቤት ለአንድ ከሰአት ተውሼ ነው። ጫፉን ጭንቅላቱ ላይ አስደግፋችሁ ማሽኑን ወደ አንድ አቅጣጫ 5 ሚሊሜትር ታስኬዱታላችሁ፣ ይሄ ክፍተቱን ለመዝጋት ነው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዳያሉን ዜሮ ታደርጋላችሁ። ከዛ በተቃራኒው 0.01 0.01 እያላችሁ መመለስ፣ መርፌዋ እስክትነቃነቅ ድረስ ያዘዛችሁት ጠቅላላ ቁጥር ባክላሻችሁ ነው። እኔ ኤክስ ላይ 0.35 አገኘሁ፣ ዋይ ላይ 0.12።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዳያሉ እዛው እያለ ጭንቅላቱን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ስትለቁት መርፌዋ ወደ ቦታዋ ከተመለሰች ያ ባክላሽ አይደለም፣ ፍሬሙ እየተለመጠ ነው፣ መፍትሄውም ማጠናከር ነው። የተገፋበት ቦታ ላይ ከቀረ ግን ልል ነገር አለ።

ልሉ ደግሞ ሁሌ ዳዶው ላይ አይደለም። እኔ አዲስ ዳዶ ላዝ ስል ዳያሉን ቪቴው ጫፍ ላይ አስጠግቼ አየሁት፣ ቪቴው ራሱ በቁመቱ ወዲያና ወዲህ 0.2 ይንሸራተታል! ከ0.35ቱ ግማሽ በላይ የመጣው ከዛ ነው። ጫፉ 608 ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ነው ያለው፣ በቁመት የሚይዘው ነገር የለም፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ እንደ ሞላ የተሰነጠቀው የአሉሚኒየም ካፕሊንግ ነው፣ ሲሳብ ይለጠጣል ሲገፋ ይጨመቃል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሁለተኛ ኩሽኔታ ገዛሁ፣ ሁለቱን ከማሽኑ ግድግዳ በዚና በዛ አድርጌ በዳዶና በመቆለፊያ ዳዶ ጨምቄ አሰርኩት፣ 0.15 ቀረ።

የቀረችው የዳዶው ነች። መድኃኒቱ ሁለት ዳዶ በመሀላቸው ሞላ ያለው ነው፣ አንዱ የጥርሱን አንድ ጎን ሲደገፍ ሌላው ተቃራኒውን ይደገፋል፣ ክፍተት አይኖርም። የሞላው ጥንካሬ ላይ ግን አስተውሉ፣ ከቆራጩ ግፊት ከደከመ እሱ ራሱ እየተጨመቀ ባክላሽ ይሆናል፣ ከልክ በላይ ከጠነከረ ደግሞ ቪቴው ይከብድና ሞተሩ ስቴፕ ይስታል፣ ነሐሱም ቶሎ ያልቃል። እኔ ከምናለሽ ተራ ሶስት አይነት ሞላ ይዤ መጥቼ መካከለኛው ነው የሆነልኝ፣ 0.04 ላይ ደረሰ፣ ለእንጨት ይበቃል።

ሶፍትዌር አያስተካክለውም ወይ ለምትሉ፣ ማክ3 እና ሊኑክስሲኤንሲ የሚባሉት ማሽን የሚመሩ ሶፍትዌሮች ላይ የባክላሽ ማካካሻ አለ፣ አርዱዪኖ (ትንሿ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ላይ የምንጭነው መደበኛው ግርብል የሚባለው ሶፍትዌር ግን የለውም። ቢኖርም ኮምፒውተሩ አቅጣጫ ሲቀየር የጎደለውን ስቴፕ ይጨምራል እንጂ ክፍተቱን አይዘጋውም፣ ቆራጩ እንጨቱን ሲነክስ ጭንቅላቱን ወደ ክፍተቱ ይጎትተዋል። በተለይ የቆራጩ ጥርስ ማሽኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ እየጎተተ ሲቆርጥ ድንገት ዘሎ ይነክሳል፣ ባክላሽ ያለበት ማሽን ላይ በተቃራኒው፣ ጥርሱ እየገፋ እንዲቆርጥ አድርጋችሁ ፕሮግራሙን አውጡት፣ ዳዶ እስክትቀይሩ ድረስ ብዙ ያድናችኋል።

ግራሶ ደግሞ አታብዙ፣ የኤምዲኤፍ ብናኝ ግራሶ ላይ ሲጣበቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ነሐሱን ይበላዋል። እኔ ቪቴውን በደረቅ ብሩሽ እየጠረግኩ በወር አንዴ ዳያሉን ተውሼ እለካለሁ፣ ባለፈው ኤክስ 0.06 ነበር።