ባለመስመሯ እንሽላሊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጎንደር ረፋድ ላይ በድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እንሽላሊት የታየች እንደሆነ ድንጋይ የሚያነሣ ልጅ አይጠፋም። ከእነዚህ እንስሳት አንዷ በቡናማ ጀርባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ቢጫማ መስመሮች ያሏት፣ ጀርመናዊው ተመራማሪ ቪልሄልም ፔተርስ በ1844 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃት ትራኪሌፒስ ስትሪያታ ስትሆን፣ የምትመደበውም ስኪንክ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው።

«መርዘኛ ናት» የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ ጎድቷታል። ይህች እንሽላሊት ሰውን የሚጎዳ መርዝ የላትም። ምግብ ውስጥ ወድቃ ከተገኘች ምግቡን መድፋት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ግን መርዝ ሳይሆን፣ እንደ ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሁሉ ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትሸከም መቻሏ ነው።

«የእባብ ልጅ ናት» የሚሉም አሉ። አራት እግሮቿን ትተን ፊቷን ብቻ ብናይ እንኳ፣ እባብ የሌለው የሚከደን የዓይን ቆብና የጆሮ ቀዳዳ አላት። ቆዳዋ ስለሚያብረቀርቅ እርጥብና የሚያሙለጨልጭ የሚመስላቸው ሰዎችም ተሳስተዋል፤ የሚያበራው እንደ ቤት ክዳን ተደራርቦ የተነጠፈው ለስላሳና ደረቅ ቅርፊቷ ነው።

ስለ ጅራቷ የሚነገረው ደግሞ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ተቆርጦ የሚንፈራገጠው ጅራት ሌላ እንሽላሊት አይሆንም፤ የሚንቀሳቀሰው በውስጡ የቀረው ነርቭ ጡንቻዎቹን ማዘዝ ለጊዜው ስለማያቆም ብቻ ነው። ድመት ወይም ወፍ ሲይዛት፣ በጅራቷ አከርካሪ አጥንቶች ውስጥ አስቀድሞ በተዘጋጀው መሰንጠቂያ ላይ ጡንቻዋን አኮማትራ ትበጥሰዋለች፤ የደም ሥሮቹም ወዲያው ስለሚጠብቡ ብዙ አትደማም። አዳኙ በሚንፈራገጠው ጅራት ሲታለል እሷ ካቡ ውስጥ ትገባለች። «ያው መልሶ ይበቅልላታል፣ ምን ቸገራት?» ማለት ግን ስሕተት ነው። ለክፉ ቀን ያጠራቀመችው ስብ አብሮ ይሄዳል፤ በምትኩ የሚበቅለውም በአጥንት ፋንታ የልም አጥንት ዘንግ ያለው፣ መልኩም ከቀድሞው የሚለይ ጅራት ነው።

«እንሽላሊት ሁሉ እንቁላል ጣይ ነው» የሚለውም ለእሷ አይሠራም። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው ባለ አምስት መስመሯ እንሽላሊት እንቁላል ስትጥል፣ ይህችኛዋ ግን ፅንሶቿን በሆዷ አሳድጋ ሕያው ልጆች ትወልዳለች። ስለዚህ ሆዷ የሰፋ እንሽላሊት በድንጋይ ስትመታ የምትሞተው ብቻዋን አይደለም። ልጆቹ እንደተወለዱ በራሳቸው ይሮጣሉ፣ ጥቃቅን ነፍሳትንም ራሳቸው እያደኑ ይበላሉ።