«ነገሩን አቅልለህ አትየው»፦ የማስጠንቀቂያ ትዕይንት በፋን ፊክሽን

ፋን ፊክሽን የአንድ መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች የዚያኑ ሥራ ገጸ ባሕርያት ይዘው የሚጽፉት ድርሰት ነው። በአብዛኛው ገንዘብ አይገኝበትም። ብዙዎቹም የሚጽፉት በብዕር ስም ነው። እዚህ የሚዳሰሰው ከዚህ ሰፊ ዓለም አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ ጓደኛ፣ መምህር፣ ሐኪም ወይም ጠላት ጀግናውን ቁጭ አድርጎ «ይሄ ነገር ጨዋታ አይደለም፣ ትሞታለህ» የሚልበት ቦታ። ፋን ፊክሽን የሚያነብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለብቻው ተነጥሎ ሲጻፍለት ግን ብዙም አይታይም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትዕይንቱ ለምን ይህን ያህል ተለመደ? ምክንያቱ ያለው ዋናው ድርሰት ውስጥ ነው። ጀብዱ ያለ አደጋ አይሆንም። ጀግናው ምክር ሰምቶ ቤቱ ከተቀመጠ ታሪኩ እዚያው አለቀ። ስለዚህ ደራሲው ማስጠንቀቂያውን በአንድ መስመር ያልፈዋል፣ ጀግናውም በአንድ ፈገግታ። አድናቂዋ ግን ይህ ግዴታ የለባትም። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እንደሚባለው ከሆነ፣ ዋናው ድርሰት የሚቸኩለው ወደ መከራው ነው። ፋን ፊክሽን ግን ምክሩ ላይ ረጋ ብሎ ይቆያል፤ ማን እንደተናገረው፣ በምን ድምፅ፣ ጀግናው ለምን ጆሮ ዳባ ልበስ እንዳለ። ይህን የሚያደርገው ጀግናውን ስለሚወደው ነው፤ ከወረቀቱ ውጭ ሆና «ተው፣ አትሂድ!» ስትል የነበረች አንባቢ በመጨረሻ የምትናገርበት አፍ ታገኛለች።

ሆልምስና ደብዳቤው

ወደ ኋላ ከተሄደ የሚደረሰው መርማሪው ሼርሎክ ሆልምስ ጋ ነው። አርተር ኮናን ዶይል ሆልምስን የገደለው በዲሴምበር 1893 በስትራንድ መጽሔት በወጣ አጭር ታሪክ ነው፤ ታሪኩም ከጫፍ እስከ ጫፍ ማስጠንቀቂያ ነው። የወንጀለኞች አለቃ የሆነው ጠላቱ ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ራሱ ቤከር ስትሪት፣ ሆልምስ ቤት ድረስ መጥቶ «እጅህን አውጣ» ይለዋል። ሆልምስ አደጋ የሥራው አካል እንደሆነ ሲመልስለት፣ ሞሪያርቲ ይሄ ከአደጋ አልፎ የማይቀር ጥፋት ነው ይለዋል። ከዚያ ሆልምስ ሐኪም የሆነው ጓደኛው ዋትሰን ቤት ይመጣል። የእጁ መጋጠሚያዎች ደምተዋል። ግድግዳውን ታክኮ ሄዶ የመስኮቱን መዝጊያ ይዘጋል። ነገ ወደ ባቡር ጣቢያ ስትመጣ መጀመሪያ የሚመጣውንም ሁለተኛውንም ጋሪ እንዳትሳፈር ብሎ ያዘዋል።

ይህች የጋሪ ትዕዛዝ ከአሥር «ተጠንቀቅ» ትበልጣለች። አደጋውን በቃል አትገልጸውም፤ ነገ ጠዋት የሚደረግ ነገር ታደርገዋለች። ጎበዝ የፋን ፊክሽን ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ የሚከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።

ዋትሰን የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ይፈጽማል። ሆኖም ስዊዘርላንድ፣ ራይኸንባኽ ፏፏቴ ላይ፣ አንዲት እንግሊዛዊት ታማ ሐኪም ትፈልጋለች የሚል የሐሰት ደብዳቤ ይደርሰውና ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። ሆልምስ ብቻውን ይቀራል። የለንደን ወጣቶች ያኔ በሐዘን ጥቁር ጨርቅ አሰሩ የሚለው ወሬ በየመጽሐፉ ይደገማል፤ በዘመኑ የተጻፈ ጠንካራ ማስረጃ ግን የለውም ይባላል። አንባቢዎች በጣም መቆጣታቸው ግን አያጠራጥርም። ሆልምስ በ1903 ተመለሰ፣ በ1934 ደግሞ ክሪስቶፈር ሞርሊ ኒው ዮርክ ውስጥ የአድናቂዎቹን ማኅበር መሠረተ። የእነዚህ ሰዎች ጽሑፍ ፋን ፊክሽን ነው ወይስ ሌላ ዓይነት የሚለው ያከራክራል፤ ክርክሩ ግን ከመለያ ስም አያልፍም። ያኔም ዛሬም አድናቂ የሚመለሰው ወደዚያ ደብዳቤ ነው፤ ዋትሰን ተጠራጥሮ ባይመለስስ?

ስታር ትሬክና የስቴንስሉ ዘመን

ዘመናዊው ፋን ፊክሽን የተወለደው በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች ከሚተርከው የቴሌቪዥን ድራማ፣ ከስታር ትሬክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድራማው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ኤንቢሲ ላይ ጀመረ፣ በ1969 ከ79 ክፍሎች በኋላ ተቋረጠ። ስፖካናሊያ የተባለችው የመጀመሪያዋ የአድናቂዎች መጽሔት በ1967 ወጣች። እነዚህ መጽሔቶች በታይፕ ይጻፋሉ፣ በስቴንስል ይባዛሉ፣ በፖስታ ይላካሉ፣ በአድናቂዎች ስብሰባ ላይ ይሸጣሉ። ጸሐፊዎቹም አዘጋጆቹም በብዛት ሴቶች ነበሩ። ከሥራ መልስ፣ ከራሳቸው ኪስ ወጪ አድርገው ይህን ሁሉ መሥራታቸው ሊከበር የሚገባው ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ያለው ልማድ ሁሉ የቆመው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ ክፍሎች እርስ በርስ አይያያዙም ነበር። የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ከርክ በዚህ ሳምንት ይደበደባል፣ ይታነቃል፣ ይታሰራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምንም እንዳልሆነ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ስሙ የማይታወቅ መርከበኛ ይሞታል፣ ከማስታወቂያው በኋላ ማንም አያነሳውም። የመርከቧ ሐኪም ዶክተር ማኮይ ይቆጣል፤ ምክትል አዛዡ ስፖክ የመትረፍ ዕድሉን በአሃዝ አስልቶ ይናገራል፤ ከርክ ሁለቱንም ሰምቶ ይሄዳል። ትክክልም ይሆናል፣ ምክንያቱም ድራማው ከእሱ ጋር የተሳሰረ ነው። አደጋው ክብደት የለውም።

ክብደቱን የሰጡት አድናቂዎቹ ናቸው። በእነሱ ድርሰት ውስጥ የባለፈው ሳምንት ቁስል ዛሬም አልዳነም። ከርክ ጎኑን ይዞ ነው ከሕክምና ክፍሉ አልጋ ላይ የሚነሳው። ማኮይ በሩ ላይ ይቆማል። ቁጣው እንደ ድራማው በአንድ ቀልድ አይዘጋም፤ «ባለፈው ጊዜ ያዳንኩህ በዕድል ነው» ይለዋል፣ ከርክም ይህን ሰምቶ የሚመልሰው ያጣል። በዋናው ድራማ ውስጥ ሦስት ሰከንድ የሚፈጀው ነገር እዚህ አምስት ገጽ ይሆናል። ከዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው በኋላ «ኸርት ኮምፈርት» የሚባለው፣ አንዱ የሚጎዳበትና ሌላው የሚያስታምምበት ዘውግ የጠነከረው። በ1992 ሁለት ጥናታዊ መጻሕፍት፣ አንዱ የሄንሪ ጄንኪንስ፣ ሌላው የካሚል ቤከን-ስሚዝ፣ ስለ አድናቂዎች ሥራ ወጡ። ጄንኪንስ አድናቂዎች የቴሌቪዥን ድራማን እንደገና የሚጽፉባቸውን 10 መንገዶች ሲዘረዝር ስሜትን ማጥለቅን አንዱ አድርጎ አስገብቶታል። የማስጠንቀቂያ ትዕይንትን የትኛው ውስጥ ልመድበው ለሚል ሰው ቦታው እዚያ ይመስለኛል።

በ1973 ፓውላ ስሚዝ በስታር ትሬክ አድናቂዎች ድርሰት ላይ የጻፈችው የአንድ ገጽ ያህል ሹፈት ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ነው። ሜሪ ሱ የምትባል የ15 ዓመት ተኩል ልጅ የመርከቧ ሹም ናት፤ ሁሉም ነገር ይቀናታል፣ ሁሉንም ታድናለች፣ በመጨረሻ ሁሉም እያለቀሱላት ትሞታለች። አደጋን የማትፈራ ገጸ ባሕርይ አንባቢንም እንደማታስፈራ ይህች አጭር ጽሑፍ በደንብ አሳይታለች። በኋላ ስሟ ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርያትን ሁሉ ማሸማቀቂያ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ጥፋት ነበር።

ስፖክ በ1982 ፊልም ላይ ሞተ፣ በ1984 ተመለሰ። በመካከሉ ያሉት ሁለት ዓመታት መጽሔቶቹ እሱን በመመለስና ሞቱን በማስቀረት የተጠመዱበት ጊዜ ነው።

ከዚያ ዩዝኔት የሚባለው የቀድሞ የኢንተርኔት መወያያና የኢሜይል ዝርዝሮች መጡ፣ በ1998 ደግሞ ሺንግ ሊ ፋንፊክሽን ዶት ኔት የተባለውን የድርሰት ድረ ገጽ ከፈተ።

ሃሪ ፖተር፣ ወይም ያልተነገረው ምክንያት

አራተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በጁላይ 2000፣ አምስተኛው በጁን 2003 ወጣ። አድናቂዎች ይህን ክፍተት የሦስት ዓመት በጋ ይሉታል። አራተኛው ሲያልቅ ጠላት ተመልሷል፣ አንድ ልጅ ሞቷል፣ የጠንቋዮቹ ሚኒስትርም አላምንም ብሏል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፋን ፊክሽን ማስጠንቀቂያ ዞሮ አዋቂዎቹ ላይ አረፈ፤ ልጆቹ ናቸው ትላልቆቹን «ነገሩን አቅልላችሁ አትዩት» የሚሉት። በዚያው በአራተኛው መጽሐፍ «ሁልጊዜ ንቁ» እያለ በክፍል ውስጥ የሚጮኸው መምህሩ ሙዲም ለዚህ ትዕይንት የታወቀ አፍ ሆነ፤ እስከ ዛሬም ነው።

አምስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የሃሪ የክርስትና አባት ሲሪየስ ብላክ ሞተ። አሟሟቱን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው የሚያገኘው የከሸፉ ማስጠንቀቂያዎች ሰንሰለት ነው። ሲሪየስ ከቤት እንዳይወጣ ተነግሮታል። የቤቱን አገልጋይ ክሪቸርን በደግነት እንዲይዘው፣ አለዚያ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል የሃሪ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ዳምብልዶር አስጠንቅቆታል፤ ሲሪየስ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፣ ክሪቸርም ከዳው። ሃሪ ጠላት እንዳይገባበት አእምሮውን መዝጋት እንዲማር ታዝዟል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም በቅጡ አልነገረውም። ጓደኛው ኸርማየኒ ሲሪየስ ተይዟል ብሎ ያየው ራእይ ወጥመድ ሊሆን ይችላል ብላ ለምናዋለች። ሲሪየስ ራሱ ለሃሪ መነጋገሪያ መስታወት ሰጥቶት ነበር፤ ሃሪ እሽጉን ሳይፈታ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው፣ የፈታው ከሞቱ በኋላ ነው።

አድናቂዎች እነዚህን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይዘው ጻፉባቸው። መስታወቱ በጊዜ የተፈታበት ድርሰት አለ፣ ክሪቸር በደግነት የተያዘበት አለ። ከሁሉም የበሰሉት ግን ዳምብልዶር ሃሪን አስቀምጦ ምክንያቱን የሚነግርባቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ሲነገረው ልጁ ይሰማል። ማስጠንቀቂያ የሚከሽፈው ሁልጊዜ በሰሚው ግትርነት ነው የሚለውን ሐሳብ እነዚህ ጸሐፊዎች አልተቀበሉትም፤ ተናጋሪውንም ጠየቁት። ይህን ያህል ጥልቅ ንባብ ከአድናቂ ሲመጣ ቀለል አድርገው የሚያዩ ተቺዎች አሉ፣ ተሳስተዋል።

በዚሁ ዙሪያ የተስፋፋው ሌላው መንገድ ከወደፊት መመለስ ነው። ሁሉን ያየው፣ ጓደኞቹን የቀበረው ሃሪ ወደ 11 ዓመቱ ይመለስና የሚመጣውን እያወቀ እንደገና ይኖራል። እዚህ ላይ አስጠንቃቂው ማስረጃ አለው፣ ማሳየት ግን አይችልም። በማርቬል የልዕለ ጀግና ፊልሞች ላይ የሚጽፉትም፣ በተለይ ከጀግናው ቶኒ ስታርክ የ2019 ሞት በኋላ፣ ይህን መንገድ አዘውትረውታል።

የሚሠራውና የማይሠራው

ጥሩ የማስጠንቀቂያ ትዕይንት ውስጥ አስጠንቃቂው ራሱ የከፈለው ነገር አለ። ያጣው ወንድም፣ የማይታጠፍ ጉልበት፣ የማይተኛበት ሌሊት። ከዚህ ውጭ የሚመጣ ምክር ስብከት ይሆናል፣ አንባቢም ገጹን ያልፋል። ሌላው የተለመደ ድክመት ጀግናውን ማሞኘት ነው። ለ20 ዓመት የተዋጋ ወታደር ድንገት በር እንዴት እንደሚቆለፍ የማያውቅ ይሆንና ሌላው ይመክረዋል። አድናቂዎች ይህን ገጸ ባሕርዩን መሳት ይሉታል፤ ድርሰቱን ከመለጠፉ በፊት የሚያነበው ሰው፣ ቤታ የሚባለው፣ አንዱ ሥራው ይህን መያዝ ነው።

ትዕይንቱ ጀግኖችን ያለሰልሳል የሚል ወቀሳም አለ። በከፊል ልክ ሊሆን ይችላል። የሚፈራ ጀግና ግን ከማይፈራው ያነሰ አይደለም፤ ፈርቶ ሲሄድ ነው ጀግንነቱ የሚታየው።

አንባቢውን ማስጠንቀቅ

በሜይ 2007 ላይቭጆርናል የተባለው የብሎግ ድረ ገጽ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን በድንገት ዘጋ፤ ከተዘጉት መካከል የአድናቂዎች ማኅበረሰቦች ነበሩ። በዚያው ወር ደራሲዋ ኔዮሚ ኖቪክ አድናቂዎች የራሳቸው ማኅደር ያስፈልጋቸዋል ብላ ጻፈች፣ በዚያው ዓመትም ማኅደሩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ተመሠረተ። ኤኦስሪ (አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን) የሚባለው ይህ የኢንተርኔት ማኅደር በኖቬምበር 2009 ለሕዝብ ተከፈተ። ማስታወቂያ የለውም፣ በበጎ ፈቃደኞችና በመዋጮ ነው የሚኖረው፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሥራዎችን ይዟል፣ በ2019 ለሳይንስ ልቦለድና ለምናባዊ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። ማንም ነጋዴ ያልሠራውን ነው የሠሩት።

ማኅደሩ ጸሐፊውን ማስጠንቀቂያ ይጠይቀዋል። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው። ሁለቱ ዘግናኝ ጥቃትና የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወሲባዊ ጥቃትንና ዕድሜያቸው ያልደረሰ ገጸ ባሕርያትን ይመለከታሉ። ጸሐፊው ምንም ላለማስጠንቀቅ መርጫለሁ ማለትም ይችላል፤ ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ አሠራር በድርሰቱ ውስጥ ያለውን ትዕይንት በቀጥታ ይነካዋል። «ሁሉም ይተርፋል፣ ማንም አይሞትም» የሚለውን መለያ መርጦ የገባ አንባቢ ምክሩ እንደሚሰማ ከመጀመሪያው ያውቃል፣ የሚያነበውም እንዴት እንደተሰማ ለማየት ነው። የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት የሚለውን አይቶ የገባው ደግሞ ማኮይ በሩ ላይ ቆሞ ሲናገር እያንዳንዱን ቃል ከከርክ ይልቅ በከባዱ ይሰማል። ጸሐፊው ላለማስጠንቀቅ ከመረጠ ግን አንባቢውም ገጸ ባሕርዩም እኩል ናቸው፤ ማን እንደሚተርፍ ሁለቱም አያውቁም።